«የሻርሎት ድር» በደራሲው ድምፅ፤ በጆሮ ስለሚነበብ መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ክርክር ተነሣ። አንድ ባልደረባችን በእጅ ስልኩ የልጆች ልቦለድ እያዳመጠ እንደ ሰነበተ ሲያወራን፣ ሌላው መምህር ቀበል አድርጎ «እንግዲያስ አነበብሁ አትበል፤ ተነበበልኝ በል» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ ደወሉም ተደወለና ወደየክፍላችን ተበተንን። ነገሩ ግን ከሐሳባችን አልወጣም። በጆሮ የገባ መጽሐፍ ተነበበ ሊባል ይችላልን? ወይስ ማዳመጥ ማንበብ የሰለቸው ሰው መሸሻ ነው? ተማሪዎቻችን መጽሐፍ አያነቡም እያልን ዘወትር ለምናማርር መምህራን ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም።

በደፈናው ከመፍረድ ይልቅ አንድ መጽሐፍና አንድ ቀረጻ ይዘን ነገሩን ለመመርመር አሰብን። የመረጥነውም አሜሪካዊው ደራሲ ኢ. ቢ. ኋይት ለልጆች የጻፉትና ኋላም በራሳቸው ድምፅ ያነበቡት «የሻርሎት ድር» የተባለው ልቦለድ ነው። ቀረጻውን መጀመሪያ መጽሐፉን ከድነን፣ ቀጥሎም ገጹን በዐይናችን እየተከተልን አዳመጥነው። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች አሰማን። ከዚህ በታች የምንሰጠው አስተያየት ከእነዚህ ሦስት ጊዜያት የተገኘ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ስለ ደራሲውና ስለ ድርሰቱ

ኋይት በ1899 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ማውንት ቨርነን በተባለች ከተማ ተወለዱ፤ በ1985 ዐረፉ። ለብዙ ዘመን «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ከባለቤታቸው ጋር በሜይን ግዛት እርሻ ገዝተው ከብት ያረቡ ስለ ነበር ስለ ጋጣ የሚጽፉት ከሰው ሰምተው አይደለም። በ1948 ባሳተሙት አንድ ጽሑፍ ውስጥ፣ ለእርድ ሲቀልቡት የነበረ አሳማ ታሞባቸው፣ ሊያድኑት ሲደክሙ ሰንብተው በመጨረሻ እንደ ሞተባቸው ተርከዋል። ሊያርደው ያሰበ ሰው አስታማሚ ሆኖ መገኘቱ የጽሑፉ ቁም ነገር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952 የታተመው «የሻርሎት ድር» ያንኑ የሞተ አሳማ በልቦለድ ለማዳን የተጻፈ ድርሰት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አራብል የተባለ ገበሬ፣ ሌሊት ከተወለዱት የአሳማ ግልገሎች መካከል ከሁሉ ያነሰውን ሊገድል በማለዳ መጥረቢያ ይዞ ይወጣል። የስምንት ዓመት ልጁ ፈርን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው ብላ ትሟገተዋለች። ግልገሉ ይተርፋል፤ ዊልበር ተብሎም በጡጦ ያድጋል። አምስት ሳምንት ሲሞላው ለአጎቷ ለዙከርማን በ6 ዶላር ይሸጣል። በአዲሱ ጋጣ ብቸኝነት ሲያሠቃየው ሻርሎት የተባለች ሸረሪት ትወዳጀዋለች። የብርዱ ወራት ሲገባ እንደሚታረድ ከአንዲት አሮጊት በግ ሰምቶ ሲያለቅስም፣ አድንሃለሁ ብላ ቃል ትገባለታለች። መሣሪያዋ ድሯ ነው። በድሯ መካከል አሳማውን የሚያወድስ ቃል ትጽፋለች፤ ሰዎች ያን አይተው እየተደነቁ ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ፤ እንዲህ የተወራለትን አሳማ ማረድም የማይታሰብ ይሆናል። እርሷ ግን በአውራጃው የእርሻ ትርኢት ላይ እንቁላሏን ጥላ፣ ዕድሜዋ ስለ ተፈጸመ፣ ወደ ጋጣዋ ሳትመለስ ትሞታለች።

እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በዚህ መጽሐፍ የአንዲት ሸረሪት ድር የሰውን እጅ ያስራል። ያም ቢሆን ብቻዋን አትሠራም፤ ቴምፕልተን የተባለው ራስ ወዳድ አይጥ ከቆሻሻ መጣያ የጽሑፍ ቅዳጅ እየለቀመ ያመጣላታል፤ እርሷም ከመካከሉ ትመርጣለች። ከማስታወቂያ ላይ የተገኘውን «ቆርጠም ቆርጠም የሚል» ማለት የሆነውን ቃል የጣለችው፣ አንባቢውን የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ያሳስበዋል ብላ ነው። የቃል ምርጫን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ስለ ቀረጻው

ቀረጻው በ1970 የተሠራ ሲሆን ደራሲው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በመጀመሪያ በሸክላ ወጣ፤ በኋላም በካሴትና በሲዲ ተባዛ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ይሰማል። ሃያ ሁለቱ ምዕራፎች በሙሉ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃሉ።

በመጀመሪያው ማዳመጥ የገጠመን ስሜት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅሬታ ነበር። የሚያነቡት ተዋናይ አይደሉም። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ደረቅ፣ ዝግ ያለ፣ ከቃል ወደ ቃል ሳይቸኩል የሚሄድ። ሻርሎት ስትናገር ድምፃቸውን አቅጥነው ሴት ለመምሰል አይሞክሩም። ዊልበር ሲያለቅስ አያለቅሱም። እንስሳቱን በድምፅ ለያይተው ለማሳየት የሚያደርጉት ጥረት ጥቂት ነው። «ለልጅ የሚነበበው እንዲህ ነው እንዴ?» ብለን ተጠያየቅን።

አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ግን ሐሳባችን ተለወጠ። በዚያ ምዕራፍ ቀኑ ዝናብ ነው፤ ዊልበር የሚያጫውተው አጥቶ ይውላል። ዝይዋ እንቁላሏን ታቅፋለች፤ ጠቦቱ ይንቀዋል፤ አይጡ ምግቡን ይሰርቀዋል። ሲመሽ፣ በጨለማው ውስጥ ከላይ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ ወዳጅ እሆንሃለሁ ይለዋል። ማን እንደ ሆነ አያይም። እስኪነጋ ድረስ በእጁ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። መጽሐፉን በዐይናችን ባነበብንበት ጊዜ ይህን እንደ ማንኛውም የልብ መስቀያ ስልት ቆጥረን አልፈነው ነበር። መጽሐፉን ከድነን ስንሰማው ግን የዊልበር ቦታ ላይ ራሳችንን አገኘነው፤ የሚናገረውን አናይም፤ ሆኖም እናምነዋለን። ትልቁ ወዳጅነት ከመልክ በፊት በድምፅ የተጀመረበት መጽሐፍ በድምፅ ብቻ ቢቀርብ ከባሕርዩ አይርቅም። እንዲያውም በነጋታው ዊልበር ሸረሪቷን ባያት ጊዜ፣ ደም መጣጭ መሆኗንም በሰማ ጊዜ የሚሰማው ድንጋጤ ከድምፁ ጋር የተጋጨ መልክ ስላየ ነው። ይህ የገባን በጆሮ ነው።

ጆሮ ከዐይን የሚበልጥበት

ዐይን ይዘላል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የታሪኩን አካሄድ ይይዝና ጥቃቅኑን ይተዋል። አንባቢው ሌላ ሰው ሲሆን ግን መዝለል የለም፤ እያንዳንዱ ቃል ድርሻውን ያገኛል። አንድ ማስረጃ እንስጥ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ፈርን ግልገሉን አድና ወደ ቤት ስትገባ፣ ወጥ ቤቱን የሞላው ከቡናው ሽታ ጋር የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ሽታ ነው። አንድ አሳማ ከሞት በተረፈበት ቅጽበት ሌላው በመጥበሻ ላይ ነው ማለት ነው። ደራሲው በዚህ ላይ አንዲት ቃል አይጨምሩም። በገጹ ላይ ይህን ሳናስተውለው አልፈን ነበር፤ በቀረጻው ግን ከሌሎቹ ሽታዎች ጋር እኩል ጊዜ ተሰጥቶት ሲነገር ጆሯችንን ያዘው። መጽሐፉ ሥጋ አትብሉ የሚል ስብከት አለመሆኑም፣ ሞትንም እንደማይሸሽግ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ደራሲው መዘርዘር ይወዳሉ። የጋጣው ሽታ፣ የዊልበር ቀለብ፣ አይጡ በትርኢቱ ሜዳ የሚያገኘው ትርፍራፊ፣ ይህ ሁሉ በረጅሙ ይዘረዘራል። በዐይን ለሚያነብ ዝርዝር ያሰለቻል። በጆሮ ግን ምት አለው፤ ከዝርዝሩ በኋላ አጭር ዓረፍተ ነገር ሲመጣም ልክ እንደ ማረፊያ ነው። ዝይዋም አንድን ቃል ሦስት ጊዜ እየደጋገመች የመናገር ልማድ አላት። «ግሩም» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ሻርሎት ስትጠይቅ፣ ወንዱ ዝይ ፊደሎቹን ጭምር እየደጋገመ ይነግራታል። ተማሪዎቻችን በዚህ ቦታ ከመሳቃቸው የተነሣ ቀረጻውን አቁመን መልሰን ማሰማት ግድ ሆነብን። በገጹ ላይ ያን ያህል አያስቅም፤ ዐይን የተደጋገመውን ፊደል ይሰበስበዋልና።

ሦስተኛው ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሆን ነው። ሻርሎት ከበድ ያለ ቃል መናገር ትወዳለች፤ ዊልበር ደግሞ አለመረዳቱን አይደብቅም። ገና ሲተዋወቁ በሰላምታ ፈንታ «ሳልዩቴሽንስ» ስትለው ደንግጦ ምን ማለት ነው ይላታል፤ ለሰላምታ የሚሆን ጌጠኛ ቃል መሆኑን ትገልጽለታለች። «ሴደንታሪ»ን፣ «ቨርሰታይል»ን፣ ሌሎችንም እንዲሁ። መጽሐፉ ራሱ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ተማሪያችን የቃሉን አነባበብ ከደራሲው አፍ ይሰማል፤ ትርጉሙን ከሸረሪቷ ያገኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለማወቅን ጠይቆ ማለፍ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ከአሳማው ይማራል። የባዮሎጂ መምህራንም ድርሻ አላቸው። ኋይት መጽሐፉን ከመጻፋቸው በፊት ስለ ሸረሪቶች በሚገባ አጥንተዋል፤ የሻርሎት ሁለተኛ ስም ካቫቲካ ከአንድ የሸረሪት ዝርያ ሳይንሳዊ ስም የተወሰደ ነው። የእግሯን ሰባት ክፍሎች በስማቸው ትቆጥራለች፤ የእንቁላሏ ከረጢት 514 እንቁላል ይዟል፤ የተፈለፈሉትም ጫጩቶች በክራቸው ተንሳፍፈው በነፋስ ይበተናሉ። ይህ ሁሉ ከሳይንሱ ጋር የሚስማማ ነው።

ስለ አንድ ቃል ግን ከክፍል ውስጥ የተገኘ ነገር እንጨምር። ሻርሎት በድሯ የምትጽፈው የመጨረሻ ቃል «ትሑት» የሚል ትርጉም ያለው ነው። የመረጠችበትንም ምክንያት ስትናገር፣ ቃሉ አለመኩራትንም፣ ለመሬት ቅርብ መሆንንም ስለሚያመለክት ለዊልበር በሁለት በኩል ይስማማዋል ትላለች። ይህን ለተማሪዎች እንዴት እንደምናስረዳ ስንጨነቅ፣ አማርኛው ራሱ መንገዱን አበጀልን። «ትሕትና» ከግእዙ «ታሕት» ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ታሕት ማለት ታች ነውና። በእንግሊዝኛው ሁለት የነበረው ፍቺ በእኛም ቋንቋ ሁለት ሆኖ ተገኘ።

አሳማውና የፋሲካው በግ

መጽሐፉን ለተማሪዎች ለማሰማት ስናስብ ያሳሰበን ሌላ ነገር ነበር። ከተማሪዎቻችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ አሳማ የሚለው ስም ራሱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለስድብ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ እንዴት ይወዱታል? በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት ሲንሾካሾኩና ሲስቁ ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቁ ጠፋ። በእኛ አስተያየት ለዚህ አንደኛው ምክንያት የሚታይ ሥዕል አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ዊልበርን በገዛ ሐሳቡ ሠራው፤ የሚጠላውን መልክ ይዞ ፊቱ የሚቆም አልነበረም።

ከዚያም አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ልጅ ሳለች ለፋሲካ የተገዛ በግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሣር ስታበላው እንደ ነበር፣ በዋዜማው ግን ላለማየት ብላ አክስቷ ቤት ሄዳ እንዳደረች ነገረችን። አንዱ ተማሪ «ሥጋውንስ በላሽ?» አላት። ትንሽ ዝም ብላ «በላሁ» አለች። ማንም አልሳቀም። እኛም ምንም አላልንም፤ የምንለውም አልነበረንም። ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ ባደረበት ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ የፈርንን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቆታል፤ መልሱ ግን ሳይሰጠው ወደ ማዕድ ተጠርቷል። የሜይን ጋጣና የእኛ ግቢ የተገናኙት በዚህ ነው።

ስለ ሃያ አንደኛው ምዕራፍ

የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው በሃያ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ትርኢቱ አልቆ ሰዉ ይበተናል፤ ዊልበር የእንቁላሉን ከረጢት በአፉ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሻርሎት በባዶው ሜዳ ትቀራለች። ሞቷ በጥቂት ቃላት ይነገራል። ከተመለከቷት በመቶ ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ እንኳ የሠራችውን እንዳላወቀ፣ በመጨረሻ ሰዓቷም አጠገቧ ማንም እንዳልነበረ ተጠቅሶ ምዕራፉ ይዘጋል።

ኋይት ይህን ያነበቡት የባቡር መነሻ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ አልዘገየም፤ አልተንቀጠቀጠም። ተማሪዎቻችን በዝምታ ሰሙ። ቀረጻውን ካቆምን በኋላ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ሰውየው ግን አያዝንም እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

መልሱ ከቀረጻው በስተጀርባ ያለው ታሪክ ነው። የቀረጻው አዘጋጅ ጆ በርክ እንደ ተናገሩት፣ ደራሲው ይህን ቦታ ያለ እንባ አንብበው ለመጨረስ አሥራ ሰባት ጊዜ መሞከር ነበረባቸው። ከደረሱበት ቦታ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል፤ ወጣ ብለው ይንሸራሸራሉ፤ ተመልሰው ይጀምራሉ። ራሳቸው የፈጠሯት ሸረሪት በሞተች ቁጥር ማልቀሳቸው ለራሳቸውም አስቂኝ ሆኖባቸው ነበር። እንግዲህ እኛ የምንሰማው ያ እኩል የሆነ ድምፅ ኀዘን የሌለበት ድምፅ አይደለም። ኀዘኑ እንዳይሰማ ተደክሞበት የተገኘ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ስንነግራቸው ያ የጠየቀው ልጅ መልሰን እንድናሰማው ለመነን። መልሰን አሰማን። በሁለተኛው ጊዜ ከመካከላቸው ያለቀሱ ነበሩ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ኋይት የዩኒቨርሲቲ መምህራቸው የነበሩት ዊልያም ስትረንክ ያዘጋጁትን ትንሽ የአጻጻፍ መመሪያ አሻሽለው በ1959 ያሳተሙ ሰው ናቸው። የዚያ መመሪያ ዋና ትምህርት ትርፍ ቃልን ማስወገድ ነው። በቀረጻውም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ትርፍ ድምፅን አስወገዱ። በ1973 መጽሐፉ በካርቱን ፊልም ተሠርቶ ገጸ ባሕርያቱ በየመካከሉ እየዘፈኑ ሲያቋርጡት ደራሲው አለመደሰታቸውም ከዚሁ ጠባያቸው የመጣ ነው። አንባቢው ሲያለቅስ ሰሚው ያያል፤ አንባቢው እንባውን ሲይዝ ግን ሰሚው ራሱ ያለቅሳል። ቀረጻውን ካወቅናቸው የልጆች መጻሕፍት ንባቦች ሁሉ የምናስቀድመው ስለዚህ ነው።

ይህን ስንል ግን ሌላው የአነባበብ መንገድ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በአገራችን በድምፅ የቀረበ ልቦለድ ሲነሣ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የማይታወሰው ማን ነው? ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱን በድምፁ አስነሥቶ አቁሟቸዋል፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሁሉ እነበዛብህንና እነጉዱ ካሳን በእርሱ ድምፅ ያውቃቸዋል። «የሻርሎት ድር»ም በ2019 ተዋናይዋ ሜሪል ስትሪፕ ተራኪ ሆነውበት፣ ለየገጸ ባሕርዩ ሌላ ሌላ ሰው ተመድቦለት እንደ ገና ተቀርጿል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ተማሪ ማን እንደሚናገር ለመለየት ይህኛው ይቀላል። ነገር ግን ብዙ ድምፅ ባለበት፣ በጨለማ ውስጥ የተሰማው ያ አንድ ድምፅ ከብዙዎቹ እንደ አንዱ ይሆናል። ምርጫው እንደ ዓላማው ነው፤ ንግግር ለማለማመድ የኋለኛው፣ ድርሰቱን ለመስማት የቀድሞው ይሻላል።

የሚጎድለው

ጆሮን ይህን ያህል ካሞገስን፣ የማይችለውንም መናገር አለብን። መጽሐፉ በመሠረቱ ስለ ጽሑፍ ኃይል የተጻፈ ነው። ሰዎቹን ያስደነቃቸው የሰሙት ነገር አይደለም፤ በድሩ ላይ ተጽፎ ያዩት ነው። ሥዕል ሠሪው ጋርዝ ዊሊያምስ ያን ድር ከነቃሉ ስለው አሳይተውናል፤ ሰሚው ይህን አያገኝም። በጤዛ የተሞላ ድር መካከል ፊደል ቆሞ ማየትና ፊደል ቆሞ ነበር ሲባል መስማት አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰሚ በሌላው ሰው እርምጃ ይሄዳል። ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ለማየት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ለማነጻጸር፣ ከገጹ ኅዳግ ለማስመር አይመቸውም። ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፍና አነባበብ እንደማይገናኙ የምናውቅ መምህራን፣ በጆሮ ብቻ የተማረ ቃል በወረቀት ላይ እንዴት ተጣሞ እንደሚወጣ የተማሪዎቻችን ደብተር ምስክር ነው። ከክበቡ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የሰሙትን ቃል እንዲጽፉ ብንጠይቃቸው፣ ያ ዝይ ካደረገው የማይተናነስ አደረጉት።

ስለዚህ ለባልደረባችን ክርክር መልሳችን ይህ ነው። ማዳመጥ ንባብን አይተካም፤ ነገር ግን የሰነፍ መሸሻም አይደለም። በዐይን አንብበን ያላየነውን በጆሮ ሰምተናል፤ በጆሮ ያመለጠንን ደግሞ ወደ ገጹ ተመልሰን አግኝተናል። በቀድሞው የአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ማለት ድምፅ ነበር፤ ልጁ በመምህሩ ፊት ጮኾ፣ ድምፁ ታርሞ ነበር አንባቢ የሚባለው። ለዐይነ ስውር ተማሪዎቻችን ደግሞ በድምፅ የቀረበ መጽሐፍ ከአማራጮች አንዱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ብቸኛው በር ነው።

ለመምህራን

ከልምዳችን ተነሥተን ጥቂት ምክር እንስጥ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ምዕራፍ በላይ ማሰማት አይበጅም፤ የባዕድ ቋንቋ የሚሰማ ጆሮ ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ መጽሐፉ ተከድኖ ይሰማ፤ ከዚያ ገጹ ይሰጥ። ገጹ አስቀድሞ የተሰጠ እንደ ሆነ ተማሪው ፊደል መከተል ብቻ ይሆናል ሥራው። ሦስተኛ፣ የሚያስለቅስ ቦታ ላይ ሲደረስ ወዲያው ጥያቄ አይጠየቅ። እኛ ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው፤ ሻርሎት በሞተችበት ቅጽበት «የምዕራፉ ፍሬ ሐሳብ ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀን ሁሉም ፊታቸውን አዙረውብናል።

የመጨረሻው ግን ስለ ራሳችን ነው። ቀረጻውን የሚያሰማ መሣሪያ፣ ቅጂውን የሚገዛ ገንዘብ፣ መብራትም ጭምር በማይገኝበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ብዙ ነው። እርሱም ቢሆን ድምፅ አለው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አንድ ልቦለድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለተማሪዎቻችን ያነበብን? ሳናነብ የቀረነው አነባበባችን አያምርም ብለን ከሆነ፣ እኒህ ሽማግሌ ምክንያታችንን አሳጥተውናል። እርሳቸውም ተዋናይ አልነበሩም። ያደረጉት ነገር ቃሉን ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ፣ ከፊቱ ሳይቆሙ ማድረስ ነው፤ ካልሆነላቸውም ወጣ ብለው ተንሸራሽረው እንደ ገና መጀመር።

የክበቡ ተማሪዎች መጽሐፉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁን። ቀጥሎ የሚሰሙት መጽሐፍ አማርኛ እንዲሆንና ከስልክ ሳይሆን ከእኛ አፍ እንዲሆን። በሚመጣው ሳምንት እንጀምራለን፤ እስከዚያው ቤታችን ውስጥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እየተለማመድን ነው።